ለአንድ ስም ዘጠና ቀን

አንድ ሰው ሰባ ዓመት ኖሮ፣ ተምሮ፣ ተሰዶ፣ ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ሲያበቃ ያ ሁሉ ኑሮ ምን ሆኖ ይቀራል? ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ስንት ዘመን ተከራከሩ፤ አንዱ ሥራው ነው አለ፣ ሌላው ልጁ ነው አለ፣ ሌላው ደግሞ ነፋስ ነው ብሎ ዘጋው። ሰይፈሥላሴ ወልደሐናን ማንም አልጠየቀውም እንጂ ቢጠየቅ የሚሰጠው መልስ ነበረው። የእሱ ኑሮ ተጨምቆ ተጨምቆ አንድ ቃል ይወጣዋል። ያም ቃል በዚህ ዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተጽፎ ይገኝ ነበር፤ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ እዚያም የለም።

ባሕር ማዶ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በፌርፋክስ ሰፈር፣ የሚያውቁት ሁሉ ጋሼ ሰይፉ ይሉታል። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ብቻውን ይኖራል። ቁመቱ ረጅም፣ አነጋገሩ አጭር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ጀምሮ ሳይጨርስ በሱዳን በኩል ወጣ። እዚህ በመጣ ሰሞን ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ ጥግ ባለ ሆቴል የሰው መኪና ፓርክ እያደረገ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያ ቶራንስ፣ የአውሮፕላን መለዋወጫ በሚያመርት ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት ፕሮግራመር ሆኖ ሠራ። አግብቶ ነበር፤ ተፋቱ፤ ልጅ አልወለዱም። እኩዮቹ ሰው ሲመጣ የልጅ ልጅ ፎቶ ያወጣሉ። እሱ የሚያወጣው የለውም። ከእጁ የወጣ ነገር ቢኖር አንድ ሶፍትዌር ነው።

«ቀለም ቀንድ» ይባላል። ኮምፒውተር ፊደላችንን በማያውቅበት ዘመን፣ ሰይፈሥላሴ ከሥራ መልስ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ እየተቀመጠ በሦስት ዓመት የጨረሰው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ጓደኛው ግሩም ካሴትና መጽሐፍ በሚሸጥበት የፌርፋክስ ሱቅ፣ ከዘፈኖቹ ጎን ተደርድሮ በዲስኬት ይሸጥ ነበር። የሰርግ መጥሪያው፣ የዕድሩ ማስታወቂያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሳምንታዊ ወረቀት፣ ሁሉም በቀለም ቀንድ ተጻፈ። በውስጡ ትናንሽ መሣሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ስም አለው። ፊደል የሚስለው «መቃ» ነው፤ ገጽ የሚያሰምረው «ወስፌ» ነው፤ ፋይል የሚያስቀምጠው «ማኅደር» ነው። ሁሉም የቁም ጸሐፊ ዕቃዎች ናቸው። አራተኛው ግን «ታዴዎስ» ይባላል።

የታዴዎስ ሥራ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፊደሉን የሚያውቀው በየራሱ ቁጥር ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ጉንዳን የተራወጠበት ወረቀት ይመስላል። ታዴዎስ ጽሑፉን ከአንዱ ወደ ሌላው፣ አንዲት ፊደል ሳይጥል፣ ያሻግራል። የሚጫኑት ምልክት የለውም። ተጠቃሚው ስሙን ራሱ መጻፍ አለበት፤ መጀመሪያ ታዴዎስ፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም። ሰይፈሥላሴ ምልክት ሊሠራለት ይችል ነበር፤ ሆን ብሎ አልሠራም። ሰው እንዲጠራው ፈልጎ ነው።

ጠሩትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከዳላስ እስከ ስቶክሆልም፣ የድሮ ጽሑፉን ማዳን የፈለገ ሁሉ ስሙን ጠራ። በግሩም ሱቅ አንዲት የጋዜጣ ጸሐፊ በስልክ «ታዴዎስ አድርገህ ላክልኝ፤ ሳታደርገው ከላክኸው አይከፈትልኝም» ስትል፣ ሰይፈሥላሴ መጽሐፍ የሚመርጥ መስሎ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም።

ታዴዎስ ታናሽ ወንድሙ ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን ከቤት ጠፋ። በአራተኛው ማለዳ እናቱ ብትልከው ሰይፈሥላሴ ሊፈልግ ወጣ፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በታች፣ አስፋልቱ ዳር፣ አምስት ሰዎች ተጋድመዋል። ከዳር ሁለተኛው የሰይፈሥላሴን ሹራብ ለብሷል። ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ጠጋ አለና «ታውቀዋለህ?» አለው። የሚያውቅ ሰው የት እንደሚወሰድ በዚያ ሰሞን ያልገባው አልነበረም።

«አላውቀውም» አለ።

«እለፍ እንግዲያ።»

አለፈ። ቤት ገብቶ ለእናቱ «ወደ ሱዳን ወጥቷል አሉኝ» አላት። አመነችው። ከሁለት ዓመት በኋላ እሱም በተራው ሲወጣ፣ ስትሸኘው «ሱዳን ስትደርስ ወንድምህን ፈልገህ ጻፍልኝ» አለችው። ፈልጎ እንዳጣው ጻፈላት። እንደገና እንዲፈልግ ጻፈችለት። እንዲህ ሲጻጻፉ ሞተች። ለታዴዎስ ድንኳን አልተጣለም፤ አርባ አልወጣም፤ መቃብር የለም። የሞተ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ያም ሰው አላውቀውም ብሏል።

ቀለም ቀንድን ከሸጠው ሃያ ዓመት ሆነው። የገዛው ቶራንስ ያለ አንድ ትንሽ ኩባንያ ነው። ባለፈው ሐምሌ ከኩባንያው ደብዳቤ መጣለት። ሶፍትዌሩ ከእንግዲህ ገበያ የለውም፤ ስለዚህ ኦፕን ሶርስ ሊሆን ነው፤ ኮዱን ማንም በነፃ ይውሰደው፣ ይጠግነው፣ ያድለው። ሰይፈሥላሴ እስከዚህ አንብቦ ደብዳቤውን አጠፈና ወደ ግሩም ሱቅ ወረደ።

«አንተ ሰው፣ የሸጥካት ልጅ ነፃ ወጥታ ስትመለስ ክትፎ አይበላም እንዴ?» አለው ግሩም።

«ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ክትፎውን ነው የከለከለህ መጋበዙን?»

ሳቁ። በዚያ ዓመት ሰይፈሥላሴ ሲስቅ የታየው ያን ቀን ይመስለኛል። የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ ሁለቱም አላነበቡትም።

የሁለተኛውን ገጽ ነገር ይዛ የመጣችው ፋና ናት። ፋና በርባንክ ከተማ፣ አንድ የካርቱን ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ፕሮግራመር ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛ ማንበብ የተማረችው እናቷ በቀለም ቀንድ ከምታዘጋጀው የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ ነው። ኮዱን የተረከቡትን አሥራ ሁለት በጎ ፈቃደኞች የምታስተባብረው እሷ ናት። አንቱታ አትችልበትም፤ ጋሼ ብላ አንተ ትለዋለች፤ እሱም አይቀየማትም። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

«ሶ፣ ጋሼ ሰይፉ፣ እንዳትከፋ። ኮዱን ሰጡን፣ ስሞቹን ግን አልሰጡንም። ቀለም ቀንድ በሚል ስም የስልክ ኪቦርድ ይሸጣሉ፤ የንግድ ምልክታችን ነው ብለዋል። ሁሉንም ሪኔም ማድረግ፣ አዲስ ስም ማውጣት አለብን፣ በዘጠና ቀን። ካላደረግን ፈቃዱን ካንሰል ያደርጉታል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ቀለም ቀንድ፣ መቃ፣ ወስፌ፣ ማኅደር፣ ታዴዎስ። ታዴዎስ ብቻውን ኮዱ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ላይ አለ። በነገራችን ላይ እሱ ምንድን ነው? ሌሎቹ የጸሐፊ ዕቃ ናቸው። እሱ ግን አልገባኝም።»

ሰይፈሥላሴ የመነጽሩን መስተዋት በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«እንዲሁ ነው» አለ። «ቃል ነው።»

«ኦኬ። አሻጋሪ ብለነዋል፤ ቮት አድርገን ነው። ሰው ስሙን ሲያየው ምን እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል። አትወደውም?»

«ጥሩ ስም ነው።»

ጥሩ ስም መሆኑ ነበር የባሰው። ፋና ከሄደች በኋላ ሲያሰላስለው ዋለ። አሻጋሪ ሥራውን ይናገራል፤ ሥራው እስካለ ስሙ አለ፤ ነገ ሌላ የሚያሻግር ቢመጣ እሱም አሻጋሪ ይባላል። የሰው ስም ግን ምንም አይናገርም። ከባለቤቱ በቀር የሚያመለክተው የለም። ባለቤቱ ሲሞት ስሙ ቤቱ እንደፈረሰበት ሰው ደጅ ይቆማል፤ የሚጠራው ካለ ይቆያል፣ የሚጠራው ካጣ ይሄዳል። ለእንጨትና ለብረት ስም ሲቀየር ዕቃው አይሰማውም ይባላል። እውነት ነው። የሚሰማው ሌላ ነው።

ሰኞ ግሩም ሱቅ ሄዶ ገንዘብ ተቀባይዋ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ታዴዎስ ሰው ነው» አለ።

«የቱ ታዴዎስ?»

«የእኔ። ወንድሜ።»

ከዚያ አስፋልቱን፣ ሹራቡን፣ ጠባቂውን ነገረው። ነግሮ ሲጨርስ ግሩም የያዘውን መጽሐፍ ገልብጦ አስቀመጠ።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ከአንድ ሳህን በልተናል» አለ። «ሚዜዬ ነበርክ። እናቴ 'ስንት ናችሁ ልጄ?' ብትልህ ምን ብለህ መለስክ?»

«አንድ ነኝ።»

«አንድ ነኝ አልክ። እሷም 'ምስኪን' ብላ ከእኔ አብልጣ አጎረሰችህ።»

ሰይፈሥላሴ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

«ጎርሰህ ዝም አልክ» አለ ግሩም፤ ድምፁ ግን ለቁጣ አልበቃም። የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። «ነገ ቶራንስ እወስድሃለሁ። እነሱም ሰው ናቸው። ማስረዳት ነው።»

የኩባንያውን የሕግ ጉዳይ የምትይዘው ወጣት ሴት ናት። በመስኮቷ የአንድ ነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ። ውሃ አቀረበችላቸው። ሰይፈሥላሴ የሚጠይቀው ትንሽ ነገር ነበር፤ መሣሪያው አሻጋሪ ይባል፣ ግድ የለም፤ ከጎኑ ግን «የቀድሞ ስሙ ታዴዎስ» የሚል ይቅር፤ የሞተ ወንድሙ ስም ነውና። ሴትየዋ ከልቧ አዘነች። ከዚያ አንድ ሰነድ ፈልጋ አወጣችና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እሱ አዞረችው። ከሃያ ዓመት በፊት የሞላው የሽያጭ ቅጽ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ፦ ከተዘረዘሩት ስሞች መካከል የአንድ ሰው ስም የሆነ አለ? በሰይፈሥላሴ የእጅ ጽሑፍ፦ የለም። አሥረኛው ጥያቄ፦ ታዴዎስ የሚለው ትርጉሙ ምንድን ነው? ትርጉም የለውም፣ እንዲሁ ቃል ነው። ከታች ፊርማው አለ።

መጻፉን ረስቶት ነበር። የእጅ ጽሑፉን ግን ሊክደው አይችልም፤ የ«ላ»ን እግር እንደዚያ አንሻፎ የሚያወርድ እሱ ብቻ ነው፤ ፊርማውን በአማርኛ ነበር የፈረመው።

ሴትየዋ ቀስ ብላ አስረዳች። ስሙ የሰው ስም ነው ካሉ ያን ጊዜ የፈረሙት ልክ አልነበረም ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ ሽያጩ ራሱ እንደገና ይመረመራል፤ ተመርምሮ እስኪያልቅ ኮዱ ለማንም አይለቀቅም፤ ዓመት ይፈጃል፣ ምናልባት ሁለት። «የቀድሞ ስሙ» ማለቱም አይሆንም፤ ቃሉ በመሣሪያው ላይ በምንም መልክ እንዳይገኝ ነው ስምምነቱ። «ይመርመር ይላሉ?» አለችው።

ግሩም በክርኑ ጎሸመው። ሰይፈሥላሴ ፋናንና ጓደኞቿን አሰበ፤ በየሰዉ ቤት በአሮጌ ዲስኬት ላይ ተዘግቶባቸው የቀሩትን ደብዳቤዎች፣ መዝሙሮች፣ የጋዜጣ ገጾች አሰበ። እነዚያን የሚከፍታቸው ሥራው ነው። ሥራውን ለማዳን ስሙን መጣል፣ ስሙን ለማዳን ሥራውን ማሰር ሆነበት።

«አልልም» አለ። «ይቅር። ቃል ነው።»

ሲመለሱ ፍሪዌዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። ግሩም መሪውን እንደ ያዘ ወደ እሱ ዞረና፣

«የዛሬው ገባኝ» አለ። «ያን ጊዜ ግን ለምን የለም ብለህ ጻፍክ? ቶራንስ ላይ ማን ሊይዝህ?»

«ጠየቁኛ።»

«ቢጠይቁህስ?»

«ለዚያ ጥያቄ ሌላ መልስ አልተማርኩም።»

ግሩም ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምን ጸሎት አታስደርግለትም?»

«ሄጄ ነበር። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። እናቴ ናት የምታውቀው፤ ያን ጊዜ አልሞተችም ነበር። ታዴዎስ ብለው ይጸልዩለት ብላቸው፣ 'እግዚአብሔርስ ያውቀዋል፣ እኛ ግን የምንጠራው በክርስትና ስሙ ነው' አሉኝ። እሷን እንዳልጠይቃት ሱዳን ነው ብያት ነበር። በሕይወት ላለ ልጇ የክርስትና ስሙን ለምን ፈለግህ ብትለኝ ምን ልመልስ?»

ከፊታቸው ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፤ ግሩም ተከተለው።

በሰማንያ ስድስተኛው ቀን ፋና መጣች። ግሩም ነግሯት ነበር። ላፕቶፑን ሳትከፍት ጠረጴዛው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

አሰበች። መዋሸት የማትችል ልጅ ናት። «ምንም» አለች። «ግን ቮት ባላስደረግኩ። ሰዎቹ በሰውዬው ስም ሲቀልዱ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ።»

«ምን ብለው ቀለዱ?»

«ተወው ጋሼ።»

«ንገሪኝ።»

«'ታዴዎስ ጡረታ ወጣ' ብለው… ሶሪ።»

ሰይፈሥላሴ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጡረታስ ቢወጣ ጥሩ ነበር» አለ። «ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው።»

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሥራ ሊባል ከቻለ። ፋና ስሙን በያለበት ወደ አሻጋሪ የሚቀይር አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች፤ «አንተ ትጫነዋለህ ወይስ እኔ?» አለችው፤ እጁን ጭኑ ላይ እንደ ጣለ «አንቺ» አላት። ተጫነችው። ሰይፈሥላሴ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይፈጃል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቦታ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ እንኳ አልቆየም። አንድ ወጣት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይፈጅበታል ለመኖር፤ አምስት ደቂቃ ለመሞት፤ ከጽሑፍ ለመውጣት የዓይን ጥቅሻ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት የሚል ቁጥር ወጣ፤ ተጠናቀቀ የሚል ቃል ተከተለው።

«ቼክ ላድርገው» አለች ፋና። የድሮውን ስም ጻፈችና ላከችው። ሶፍትዌሩ የሌለ መሣሪያ ሲጠሩበት የሚመልሰው መልስ አለው፤ ሰይፈሥላሴ ራሱ ከሠላሳ ዓመት በፊት በአማርኛ የጻፈው ነው። ስክሪኑ ላይ መጣ፦ በዚህ ስም የሚጠራ የለም።

ፋና ላፕቶፑን ከደነች። ሰይፈሥላሴ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። ታች መንገዱ ላይ የጽዳት መኪናው እየጠረገ መጥቶ ነበር፤ ሰዎች እንዳይቀጡ መኪናቸውን ለማንሣት ይሯሯጣሉ። ብዙ ጊዜ ቆሞ አየ። እሷም ዕቃዋን ይዛ፣ ምን ብላ እንደምትሰናበት ጠፍቷት፣ ትከሻውን ነካ አድርጋው ወጣች።

በዚያ ሰሞን ሱቅ አልወረደም። ግሩም ሲደውል «ደህና ነኝ» ይላል፤ ድምፁ ግን ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። ለሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ይደግፈው ነበር፦ እኔ ዝም ብል እንኳ ሌሎች ይጠሩታል የሚል። ዝም ማለቱን ያስቻለው እሱ ነበር። አሁን ዝምታው ብቻውን ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ለበጎ ፈቃደኞቹ ጻፈ። በእንዲህ ያለ ሥራ መጨረሻ ላይ የምስጋና ዝርዝር የሚባል ፋይል አለ፤ የደከሙት ሰዎች ስም ይሰፍርበታል። የሰይፈሥላሴም ስም አንደኛ ላይ ተጽፎ ነበር። የተከለከለው የመሣሪያው ስም ነው፤ የሰው ስም በሰዎች ዝርዝር ውስጥ ግን አልተከለከለም ብሎ አሰበ። ፋናም እንደዚያው መሰላት። ጥያቄውን ተቀብላ አቀረበችለት። በቡድኑ ደንብ ግን ማንኛውም ለውጥ ካቀረበው ሰው ሌላ አንድ ሰው ሊያጸድቀው ይገባል፤ ስለዚህ እሷ ራሷ ልታጸድቀው አልቻለችም።

ዳላስ ያለው አባል «የትኛውን ኮድ ነው የጻፈው?» ብሎ ጠየቀ። ፋና «ኮድ አልጻፈም» ብላ መለሰች። ሌላው «ቃሉ ክልክል አይደለም እንዴ? ኩባንያውን ጠይቁ» አለ። ተጠየቀ፤ መልስ አልመጣም። የቀሩት ምንም አላሉም። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ሥራ የሚበዛባቸው፣ ከሌላው ሰዓታቸው ቀንሰው ለፊደላችን የሚደክሙ ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሌላው ያጸድቀዋል ብለው አለፉት።

ቡድኑ ሠላሳ ቀን መልስ ያላገኘን ጥያቄ በራሱ የሚዘጋ ፕሮግራም አለው። በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ይህንንም ዘጋው፤ እሺም እምቢም ሳይል። ጥያቄው እንደ ተጻፈው ይህ ነበር፦

«ከስሞቹ ሁሉ በታች ይህን አንድ መስመር እንድትጨምሩልኝ እለምናለሁ። ታዴዎስ ወልደሐና፣ ከ1951 እስከ 1970 ዓ.ም.፣ ወንድሜ። ዝርዝሩ ከበዛባችሁ የእኔን ስም አውጡና የእሱን ተኩበት።»